ድኻ ስለ ምን ውዱን ዕቃ ይገዛል?

በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ቀን ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ንግግር



ይህን በዓል በሰላም ለማየት ያበቃን አምላክ የተመሰገነ ይሁን። በዚህ ቀን አንድ ነገር እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ፥ የደብሩን ታሪክ እንድተርክ የጠበቁ ብዙዎች እንደ ነበሩ ዐውቃለሁ። ነገር ግን ያን ከእኔ ይልቅ አሳምረው የሚናገሩ አባቶች ስላሉን፥ እኔ ወደ ገበያውና ወደ ጓዳችን ወርጄ፥ ዘወትር የምናየውን፥ ዳሩ ግን ቆም ብለን ያልመረመርነውን አንድ ጉዳይ ላነሣ ወደድሁ። ጉዳዩም ይህ ነው፤ ኑሮው ከእጅ ወደ አፍ የሆነ ሰው፥ ርካሹ ዕቃ በፊቱ ተዘርግቶ ሳለ፥ ስለ ምን ከዐቅሙ በላይ ተንጠራርቶ ውዱን ይገዛል?

ምሳሌ ከሩቅ አገር መፈለግ አያሻንም። በከተማችን በደብረ ማርቆስ በቀን ሥራ የሚተዳደር ሰው፥ ዓመቱን ሁሉ ቀይ ጤፍ ወይም ሰርገኛ ከበቆሎ ጋር አስፈጭቶ ይመገባል፤ እንግዳ የሚጠራበት ቀን ሲደርስ ግን ተበድሮም ቢሆን ማኛ ጤፍ ይሸምታል። እናት በአንዲት ቀሚስ ዓመቱን ትገፋና፥ ለልጇ ሠርግ ጥለቱ በእጅ የተሠራ የሐበሻ ቀሚስ ታሠራለች። ከገጠር መጥቶ በከተማ የሚማረው ወጣት ምሳውን እየዘለለ፥ ዕቁብ እየጣለ፥ ስሙ የታወቀ የእጅ ስልክ ይገዛል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን በቢቸናና በደጀን በኩል በጥቁሩ መሬት ላይ ነጭ ጤፍ የሚያመርተው ገበሬ ነው። እርሱ ነጩን ለገበያ አውጥቶ ቀዩንና ድብልቁን ለቤቱ ያስቀራል፤ ልጁን በሚድርበት ቀን ግን ያንኑ የሸጠውን የጤፍ ዐይነት፥ ዋጋው ከፍ ባለበት ወራት፥ መልሶ ሲገዛ ይታያል።

ስለዚህ ነገር ስንጠየቅ ብዙዎቻችን ፈጥነን የምንሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «ትዕቢት ነው፥ ከንቱ ውዳሴ ነው» እንላለን። ይህ መልስ ለተናጋሪው ይቀልላል፤ ለጥያቄው ግን አይበቃም። በቅኔ ቤት ያደገ ሰው እንደሚያውቀው፥ ሰሙን ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ተማሪ ወርቁን ሳያገኝ ይቀራል። የግዢም ነገር እንደዚሁ ነው። ሰሙ ጤፉ፥ ቀሚሱ፥ ስልኩ ነው፤ ወርቁ ግን ሰውዬው በዚያ ገንዘብ ሊያገኝ የፈለገው ሌላ ነገር ነው። እኔ በተመለከትሁት መጠን፥ ድኻ ውዱን ሲገዛ ከሦስት ነገሮች አንዱን ይሻል፤ እነርሱም መበርከት፥ መታመንና መከበር ናቸው። እነዚህን በየተራቸው እንመልከት።

መጀመሪያው መበርከት ነው። በሣር ክዳን ቤት ያደገ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ሣር በየጥቂት ዓመቱ መታደስ ይፈልጋል፤ የግጦሽ መሬት እየጠበበ ከሄደ ወዲህም ሣሩ ራሱ ብርቅ ሆኗል። ስለዚህ የደጋው ገበሬ ጥሪቱን አጠራቅሞ ቤቱን ቆርቆሮ ያለብሳል። ቆርቆሮውም በመደብር ባለ 28፥ ባለ 30፥ ባለ 32፥ ባለ 35 ጌጅ እየተባለ ይሸጣል፤ ቍጥሩ ባነሰ መጠን ቆርቆሮው ይወፍራል፥ ዋጋውም ይጨምራል። የሳሳውን የገዛ ሰው፥ በዚህ በእኛ ደጋ በረዶና ነፋስ እየተፈተነ፥ ምስማሩ የገባበት ቀዳዳ ሲሰፋበት፥ ከጥቂት ዘመን በኋላ ሁለተኛ ይገዛል፤ ወፍራሙን የገዛ ግን ለልጁ ያወርሰዋል። እንደዚሁም ከውጭ አገር የሚመጣውን ልባሽ ጨርቅ፥ ሕዝቡ ሳልባጅ የሚለውን፥ አዲስ ሆኖ ከሚሸጠው ርካሽ ልብስ አብልጦ የሚገዛ ብዙ ነው፤ ስፌቱ አይተረተርም፥ ቀለሙ አይለቅም ብሎ ነው። ባለጠጋ በግዢው ቢሳሳት ሌላ ይገዛል፤ ድኻ ግን ለስሕተት የሚከፍለው ትርፍ ገንዘብ የለውም። ስለዚህ በአንዱ ግዢ እንዳይሳሳት ብሎ ውዱን ቢመርጥ፥ ብልኀት እንጂ ትዕቢት አይባልም።

ነገር ግን የዚህ ዐይነት ግዢ አንድ ችግር አለው። በዘመን ብዛት ሲታሰብ የሚረክሰው ዕቃ፥ በመጀመሪያው ቀን ብዙ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ይጠይቃል፤ የድኻ ገንዘብ ግን በጥቂት በጥቂቱ መጥቶ በጥቂት በጥቂቱ ይሄዳል። ድኻ ሳይወድ በግዱ የሳሳውን ቆርቆሮ እየገዛ፥ በመጨረሻ ከባለጠጋው የበለጠ የሚከፍለው በዚህ ምክንያት ነው። አባቶቻችን ዕቁብን ያቆዩልን ለዚህ መድኀኒት እንዲሆን ነው፤ የብዙዎችን ጥቂት ገንዘብ አንድ አድርጎ በየተራ ለእያንዳንዱ ብዙ ያደርገዋልና።

ሁለተኛው መታመን ነው። በዛሬው ገበያ ቅቤው ውስጥ ሌላ ስብ፥ ማሩ ውስጥ ስኳር፥ በርበሬው ውስጥ የሸክላ ዱቄት ይጨመራል እየተባለ የሚሰማው ወሬ ከንቱ ወሬ አይደለም፤ የምግብ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤቶችም በየጊዜው ሕዝቡን ያስጠነቀቁበት ነገር ነው። የሐበሻ ቀሚስ የሚመስል፥ ዳሩ ግን ጥለቱ በመኪና የታተመ ጨርቅ ከቻይና እየመጣ፥ ከሸማኔው ሥራ ጐን ተሰቅሎ ይሸጣል። የእጅ ስልኩም ስሙና መልኩ አንድ ሆኖ፥ አንዱ እውነተኛ ሌላው አስመሳይ ይሆናል፤ ነጋዴውም ገዢው ሳይጠይቀው «ኦሪጅናል ነው» ብሎ ይምላል። እንግዲህ ፊደል ያልቈጠረች፥ ዕቃውን ከፍታ ማየት የማትችል እናት በምን ትለየዋለች? የቀራት ምስክር ዋጋው ብቻ ነው። «ይህን ያህል ገንዘብ ካስከፈለ መልካም ቢሆን ነው» ትላለች። የምትከፍለው ትርፍ ገንዘብ የቅቤው ዋጋ ሳይሆን የእምነት ዋጋ ነው።

ይህ ነገር ለአገራችን አዲስ አይደለም። አያቶቻችን ጠገራ ብር በሚሉት በማርያ ቴሬዛ ብር ይገበያዩ በነበረ ጊዜ፥ ብሩን የሚቀበለው ሰው በንግሥቲቱ ትከሻና ዘውድ ላይ ያለውን የጌጥ ፍሬ ይቈጥር፥ ፊቷ የተፋቀውን ብር ይመልስ ነበር። ያች ንግሥት የሞተችው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1780 ዓ.ም. ነው፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ ሲሠራ የኖረው ብር ሁሉ ያው 1780 የሚለው ቍጥር እየተጻፈበት ነበር፤ መልኩ ቢለወጥ የሚቀበለው አይገኝምና። ዐፄ ምኒልክ እንኳ መልካቸው ያለበትን መልካም ብር በፓሪስ አሠርተው፥ 1887 ዓ.ም. የሚል ተጽፎበት በወጣ ጊዜ፥ የባላገሩ ገበያ የለመደውን ብር ቶሎ አልለቀቀም። ጠገራው ብር ሕጋዊ ስፍራውን ለአዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ የለቀቀው በ1937 ዓ.ም. ነው። ይህን የሰሙ የውጭ አገር ሰዎች በአያቶቻችን ግትርነት ይሥቁ ነበር። አያቶቻችን ግን ከጥሩ ብር ይልቅ የታመነ ብር እንደሚሻል ያውቁ ነበር።

ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል የአሜሪካ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ደግሞ ይህንኑ ነገር በአውሮፓ አቈጣጠር በ1970 ዓ.ም. በጻፈው ጽሑፍ አስረድቶታል። ሻጩ የዕቃውን ነውር እያወቀ ገዢው በማያውቅበት ገበያ፥ መልካም ዕቃ ያለው ሰው የሚገባውን ዋጋ ስለማያገኝ ከገበያው ይወጣል፤ በመጨረሻ ክፉው ብቻ ይቀራል ይላል። ስለዚህ ሥራው በ2001 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ከዚህ የምንማረው፥ ቅቤን የሚቀላቅል ነጋዴ የሚበድለው ያን ቅቤ የገዛውን ሰው ብቻ አለመሆኑን ነው። ንጹሕ ቅቤ ይዛ የመጣችውንም ሴት ይበድላል፤ የሚያምናት አጥታ ዋጋዋን ታወርዳለችና።

ይሁን እንጂ ዋጋ ምስክር ነው ብለን ሁሉን ነገር ለእርሱ መተው አይገባንም፤ ሐሰተኛ ምስክርም ይሆናልና። በካሊፎርንያ የነበሩ ተመራማሪዎች ያደረጉት ፈተና በ2008 ታትሟል። ለተፈታኞቹ አንዱን የወይን ጠጅ በሁለት ዋጋ አቀረቡላቸው፤ አንድ ጊዜ 10 ዶላር ነው፥ አንድ ጊዜ 90 ዶላር ነው እያሉ አስቀመሷቸው። ጠጅው አንድ ሆኖ ሳለ፥ ባለ 90 የተባለው እጅግ ይጣፍጣል አሉ፤ በመሣሪያ የታየውም የአእምሯቸው የደስታ ክፍል ይህንኑ መሰከረ። ስለዚህ ውድ ነው የተባለ ነገር ምላስን እንኳ ሊያታልል ይችላል። ነጋዴም ይህን ስለሚያውቅ፥ ዕቃውን ሳያሻሽል ዋጋውን ብቻ ከፍ የሚያደርግበት ጊዜ አለ።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው መከበር ነው። አዳም ስሚዝ የተባለው የስኮትላንድ ፈላስፋ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1776 ዓ.ም. ባሳተመው በታወቀው መጽሐፉ፥ ለሰው የግድ የሚያስፈልገው ነገር ምንድር ነው ብሎ ጠይቆ ነበር። መልሱም ሰውን በሕይወት የሚያቈየው ብቻ አይደለም፥ ያገሩ ልማድ ካለ እርሱ በሰው ፊት መቅረብን ነውር ያደረገው ነገር ሁሉ ጭምር ነው የሚል ነበር። ምሳሌም ሲሰጥ፥ የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን የበፍታ ሸሚዝ ሳይኖራቸው በምቾት ይኖሩ ነበር፤ በእርሱ ዘመን ግን የታወቀ የቀን ሠራተኛ እንኳ የበፍታ ሸሚዝ ሳይለብስ ወደ አደባባይ ለመውጣት ያፍር ነበር ይላል። ይህን ነገር የጎጃም ሰው ሳያነበውም ያውቀዋል። የዕለት ጕርስና የዓመት ልብስ ብለን ሁለቱን አንድ ላይ የምንጠራቸው ስለዚህ ነው። ሆድ ምን እንደ በላ ጎረቤት አያይም፤ ትከሻ ምን እንደ ለበሰ ግን ሁሉ ያያል። በብዙ ቤት ሳጥን ውስጥ ለሰንበትና ለበዓል ብቻ የምትወጣ አንዲት ነጭ ነጠላ የምትቀመጠው፥ ባለቤቲቱ ሌላ ትርፍ ልብስ ኖሯት አይደለም።

የጥለትን ነገር ብንመረምር ይህ ይበልጥ ይገለጣል። ከዚህ ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ፥ ወደ ዓባይ መውረጃ፥ በባሶ ይቆም የነበረው ገበያ በ19ኛው መቶ ዓመት ከጎጃም ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር፤ ከዓባይ ማዶ ወርቅ፥ ቡና፥ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይመጣበት ነበር። በዚያ ዘመን ከባሕር ማዶ ወደ አገራችን ከሚገባው ሸቀጥ ውስጥ፥ ለማዕተብ የሚፈለገው ሰማያዊ ሐርና ቀይ ጨርቅ ይገኙበታል። ሸማኔዎችም ቀዩን ጨርቅ ክር በክር እየተረተሩ ለሸማው ጥለት ያውሉት ነበር። እንግዲህ አስተውሉ፤ ብርድን የሚከላከለው የሸማው ነጩ ክፍል በአገር ጥጥ ይሠራል፤ ከሩቅ አገር በውድ የመጣው ክር ግን የሚገባው በዳሩ ላይ፥ ሰው በሚያየው ቦታ ነው። ጥለት አያሞቅም፤ ያለ ጥለት ግን ሸማው ለበዓል አይበቃም።

የነጭ ጤፍ ነገርም እንደዚሁ ነው። ቀዩ ጤፍ በምግብነቱ ከነጩ አያንስም፤ በብረት ይበልጣል የሚሉም አሉ። ሆኖም ነጩ በገበያ ሲወደድ፥ በመሶብም ሲከበር ኖሯል። ይህ ፍቅር ምን ያህል ጽኑ እንደ ሆነ የደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ሊቃውንት ያውቁታል። ብዙ ምርት የሚሰጥ የጤፍ ዘር አግኝተው ሳለ፥ ፍሬው እንደ ማኛ ስላልነጣ ገበሬው እንደ ተመኙት አልተቀበለላቸውም። ስለዚህ ያን ምርታማ ዘር ከነጩ ከማኛ ጋር አዳቅለው፥ ቁንጮ የተባለውን ዘር በ1998 ዓ.ም. አወጡ፤ እርሱም ነጭም ምርታማም ስለ ሆነ በየአገሩ ተስፋፋ። ሊቃውንቱ ሕዝቡን ከመንቀፍ ይልቅ ልቡን ማወቅን መረጡ፤ ስለዚህም ተሳካላቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ድኻ ለክብር የሚያወጣው ገንዘብ ሁሉ እንደ ባከነ የሚቈጥር ሰው ይሳሳታል። ዛሬ በሠርጌ ጎረቤቶቼን አሳምሬ ብቀበል፥ ነገ ቤቴ ሲቃጠል፥ በሬዬ ሲሞት፥ ሬሳ ከቤቴ ሲወጣ የሚደርሱልኝ እነርሱ ናቸው። ብድር በምድር እንዲሉ፥ የባንክ ደብተር ለሌለው ሰው የጎረቤት ልብ የባንክ ደብተሩ ነው። ይህም በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። ኋላ በ2019 የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሦስት ሊቃውንት ሁለቱ፥ አብሂጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ፥ በ2007 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደ ገለጹት፥ በሕንድ አገር በኡዳይፑር እጅግ ድኻ ከሆኑት ቤተ ሰቦች መካከለኛው በዓመት ከሚያወጣው 100 እጅ 10 እጁን ለሠርግ፥ ለቀብርና ለበዓል ያወጣ ነበር። ረኀብን የሚያውቅ ሰው ይህን ማድረጉ፥ ሰው በእንጀራ ብቻ እንደማይኖር በሥራው መመስከሩ ነው።

እስካሁን ለድኻው ጠበቃ ሆኜ ተናገርሁ። አሁን ግን ወደ ዳኝነቱ እንምጣ፤ ለክብር ተብሎ የሚደረገው ወጪ ሁሉ አንድ አይደለምና። አንዱ ከፍቅር ይወጣል፥ ሌላው ከፍርሃት። ከፍቅር ስለሚወጣው በወንጌል የተነገረውን እናስታውስ። በቢታንያ ማርያም የከበረ የናርዶስ ሽቱ አምጥታ በጌታ እግር ላይ ባፈሰሰች ጊዜ፥ የሽቱው ዋጋ 300 ዲናር እንደ ነበረ ተጽፏል፤ ዲናርም ያን ጊዜ የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነበር። እንግዲህ የዓመት ድካም ለማለት ጥቂት የቀረው ገንዘብ ነው። ይህ ባክኗል፥ ለድኾች በተሰጠ ነበር ብሎ የነቀፋትም ለድኾች የሚያስብ ሰው አልነበረም፤ ከረጢቱን የሚይዘው ይሁዳ ነበር። እርስዋ ያን ሽቱ ያመጣችው ማንም አስገድዷት አይደለም፤ ባታመጣውም የሚያሳፍራት አልነበረም። እንዲህ ያለውን ወጪ የሚነቅፍ ሰው አስቀድሞ ራሱን ይመርምር።

ከፍርሃት የሚወጣው ግን ሌላ ነው። በሠርግ ቤት ጥሎሽ ሲቀርብ ያያችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ሚዜዎቹ ቀሚሱን፥ ጫማውን፥ ወርቁን አንድ በአንድ በጉባኤው ፊት እየዘረጉ ያሳያሉ። ከተቀመጡት አንዱ «ይህስ አንሷል» ያለ እንደ ሆነ፥ የሙሽራው አባት ፊት ይጠቍራል። ያን አንድ ቃል ፈርቶ ሰውዬው አስቀድሞ በሬ ሸጧል፥ ወይም መሬቱን ለዓመታት አከራይቷል፥ ወይም ከአራጣ አበዳሪ ገንዘብ ወስዷል። ከሠርጉ በኋላ እንግዳው ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ዕዳው ግን አይሄድም፤ አዲሶቹ ሙሽሮች ጎጆ ሲወጡ አብሯቸው ይገባል። በተዝካርም ጊዜ እንደዚሁ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት፥ ገና እንባዋ ሳይደርቅ፥ የድግሱ ወጪ እንዴት እንደሚሞላ ማሰብ ትጀምራለች፤ ለልጆቿ ዘር የሚሆነውን እህል ለጠላ ታበቅላለች። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት «አዲስ ዓለም» በተባለው መጽሐፋቸው የዚህን የድግስ ነገር አንሥተው አገሩን ለመምከር ሞክረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት ዘመን ዐለፈ! መንግሥት ተለወጠ፥ ልብሱ ተለወጠ፥ መብራትና ስልክ ገባ፤ የፍርሃቱ ነገር ግን ገና አልተለወጠም።

ፍቅርን ከፍርሃት የምንለይበትም አንድ ጥያቄ አለ። ሰው ከመግዛቱ በፊት «ማንም ባያየኝ ይህን እገዛው ነበርን?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ቆርቆሮውን ይገዛዋል፥ ዝናቡ ሰው አየ አላየ ይወርዳልና። ንጹሑን ቅቤ ይገዛዋል፥ ለልጁ ጤና ነውና። ለእናቱ የሚያለብሳትን ጋቢ ይገዛዋል፥ በጓዳም ቢሆን ስትሞቅ ማየት ያስደስተዋልና። ለተመልካች ብቻ ብሎ የሚገዛውን ግን ይህ ጥያቄ ያጋልጠዋል።

ዳሩ ግን፥ አባቶቼና ወንድሞቼ ሆይ፥ ይህን ጥያቄ ለድኻው ብቻ ሰጥተን ብንሄድ ሥራችንን አልፈጸምንም። ፍርሃቱን እርሱ ብቻውን አልፈጠረውምና። የድግሱን ልክ ያወጣው ማን ነው? እኛ ነን። ከድግስ ስንመለስ በመንገድ ላይ «የእገሌ እንጀራ ጥቍር ነበር፥ የእገሌ ጠላ ቀጥኖ ነበር» የምንል እኛ ነን። ብዙ የደገሰውን ከፍ ባለ ድምፅ የምንመርቅ፥ ጥቂት ያቀረበውን በከንፈር ብቻ የምንመርቅ እኛ ነን። ይህ ዐዋጅ ያልተነገረለት፥ ደረሰኝ የማይቈረጥለት ግብር ነው፤ የሚከፍለው ድኻ ነው፥ የሚሰበስበው የጎረቤት ዐይን ነው። የመንግሥት ግብር ለድኻ ምሕረት የሚያደርግበት ጊዜ አለ፤ ይህ ግብር ግን ለድኻው ምሕረት የለውም፤ ባለጠጋው ጥቂት ቢደግስ «ትሑት ነው» ሲባል፥ ድኻው ጥቂት ቢደግስ «ጠፋበት» ይባላልና።

ስለዚህ ግብሩን ያወጣን እኛ፥ ግብሩን ልናነሣው ይገባናል። ይህም በምክር ብቻ አይሆንም፤ በሥራ ነው። ጥቂት ነገር ላመልክት።

አንደኛ፥ የንስሓ አባቶች የንስሓ ልጃቸው ቤት ሠርግ ወይም ተዝካር ሲኖር፥ ከድግሱ በኋላ ለመመረቅ ብቻ ሳይሆን ከድግሱ በፊት ለመጠየቅ ይሂዱ። «ልጄ፥ ከምን አምጥተህ ነው?» የሚል አንድ ቃል፥ በጊዜው ከተነገረ በሬ ያድናል።

ሁለተኛ፥ ሰንበቴዎቻችንና ዕድሮቻችን ለባለጠጋም ለድኻም አንድ የሆነ የድግስ ልክ ይወስኑ፤ ውሳኔውንም ባለጠጎቹ አስቀድመው ይፈጽሙት። ድኻ ብቻውን ቢቀንስ ኀፍረት ይሆንበታል፤ ባለጠጋ ሲቀንስ ግን ለሁሉ ልማድ ይሆናል። ኀፍረት ከላይ ወደ ታች እንደ ወረደ፥ ዕረፍትም ከላይ ወደ ታች ይውረድ።

ሦስተኛ፥ በመካከላችን ያላችሁ ነጋዴዎች ሚዛናችሁን አቅኑ። ሻጭ ቢታመን፥ ድኻ ለእምነት ብሎ የሚከፍለው ትርፍ ገንዘብ በኪሱ ይቀርለታል። በዐውደ ምሕረት ከሚሰጥ ምጽዋት ይልቅ፥ በገበያ የሚደረግ እውነተኛ ሚዛን ብዙ ድኾችን ይረዳል።

አራተኛ፥ ዕቁባችንን ለዕለት ጌጥ ሳይሆን ለሚበረክት ነገር እናውለው። ወፍራም ቆርቆሮ፥ የልጅ ትምህርት፥ የእርሻ በሬ፥ የውሃ ማጠራቀሚያ፤ ውዱን መግዛት በእነዚህ ላይ ቢሆን ማን ይነቅፋል?

አምስተኛው ለእኛ ለካህናቱና ለደብሩ አስተዳዳሪዎች ነው። ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ገንዘብ ሲሰበሰብ፥ የሰጪውን ስም ከገንዘቡ ልክ ጋር በድምፅ ማጕያ እየጠራን፥ ለብዙው እልልታ፥ ለጥቂቱ ዝምታ ስንሰጥ፥ በሠርግ ቤት «ይህስ አንሷል» ከሚለው ሰው በምን ተለየን? ሁለት ሳንቲም የሰጠችው መበለት ከሁሉ አብልጣ እንደ ሰጠች የመሰከረላት ጌታ፥ የሰጠችውን ያየው በቍጥር አይደለም። ስም ይጠራ፥ ሁሉም ይመረቅ፤ የገንዘቡ ልክ ግን በመዝገብ ይቅር።

ወገኖቼ ሆይ፥ ዛሬ የምናከብረው በዓል ኢዮቤልዩ ይባላል። ይህ ስም ከየት እንደ መጣ ታውቃላችሁ። በኦሪት ዘሌዋውያን እንደ ተጻፈው፥ በአምሳኛው ዓመት መለከት ይነፋ ነበር፤ በድኽነት መሬቱን የሸጠ ሰው ወደ ርስቱ ይመለስ ነበር፥ ለባርነት የተሸጠውም ወደ ወገኑ ይሄድ ነበር። እንግዲህ የኢዮቤልዩ ፍሬ ነገር ድኻውን ከዕዳ ማሳረፍ ነው። በኢዮቤልዩ በዓል ሰበብ አንድ ድኻ አዲስ ዕዳ የገባ እንደ ሆነ፥ ስሙን ይዘን ነገሩን ጥለነዋል ማለት ነው። በዚህ ዓመት ከዚህ ደብር ምእመናን መካከል አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት፥ የዘር እህሏን ሳትነካ፥ በንፍሮና በጸሎት ብቻ ተዝካር ብታወጣ፥ እኛም ያን በቀዳሚ ወንበር ተቀምጠን በደስታ ብንቀበልላት፥ በእውነት ኢዮቤልዩ ተከበረ እላለሁ። በእርስዋ ቤት ጐድሎ የሚታየን ነገር ቢኖር፥ የጐደለው በእኛ ዐይን ውስጥ እንጂ በመሶቧ ውስጥ እንዳልሆነ እንወቅ።

እግዚአብሔር አገራችንን ይባርክ፤ ለሚመጣው ኢዮቤልዩ ልጆቻችንን ያለ ዕዳ ያድርስልን። አሜን።